ቴንስ ለጉልበት ቁርጥማት፦ ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊትና ከገዙት በኋላ

ከዱባይ ወይም ከጅዳ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶውና ከብርድ ልብሱ መሐል፣ የእጅ ስልክ የሚያክል ገመዳም ማሽን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። «እማዬ፣ ለጉልበትሽ ነው» ተብሎ የተላከ ነው። ቴንስ ይሉታል። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች አማካይነት ቀላል ኤሌክትሪክ ወደ ነርቭ እየላከ ሕመም እንዲያስታግስ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን አንድ ሰሞን ተሞክሮ ቁም ሣጥን ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ስለተበላሸ አይደለም። አጠቃቀሙን ያሳየ ሰው ስለሌለ፣ ደግሞም የማይችለው ነገር ስለተጠበቀበት ነው።

የማይችለውን አስቀድሜ ልንገርዎ። ቴንስ በጉልበት አጥንቶች መሐል ያለውንና በጊዜ ብዛት የሳሳውን ለስላሳ ሽፋን አይመልስም። የተጣመመ እግር አያቀናም። በሽታውንም አያቆምም። ከሠራልዎት ሕመሙን ለግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት፣ ሲበዛ ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ቀለል ያደርገዋል። ያቺን ፋታ ተኝተው ካሳለፏት ገንዘብዎ ባከነ። የጭን ጡንቻዎን ካጠነከሩባት ግን ማሽኑ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን ይለዩ

በእኛ አካባቢ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ጉልበት የሚደክመው በዕድሜ ብቻ አይደለም። ክረምት ከገባ የሩዝ አረም ጎንበስ ብሎ፣ እግርን ጭቃ ውስጥ ነክሮ የሚሠራ ሥራ ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ዱካ አለ፤ ከምድጃው ፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ከዚያ አንድ እጅ መሬት አስደግፎ፣ «እፎይ» እያሉ መነሣት። ለዓመታት ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክና ሸክም ማብዛት የጉልበት አንጓን እንደሚጎዳ በሚገባ የታወቀ ነው።

ዕድሜዎ ከ45 ካለፈ፣ ሕመሙ ሲሠሩና ሲራመዱ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል ከሆነ፣ ጠዋት ሲነሡ ጉልበትዎ ደርቆ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የሚፍታታ ከሆነ፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የተለመደው የአንጓ ማርጀት ነው። ይህን ለማወቅ ራጅ የግድ አያስፈልግም፤ ኤምአርአይማ ከነጭራሹ። የጤና ባለሙያ ጠይቆና ዳሶ ሊለየው ይችላል። ለምስል የሚያወጡትን ገንዘብ ለሌላ ነገር ያቆዩት።

ማሽን ከማሰብዎ በፊት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች ግን አሉ። ጉልበቱ በድንገት ከቀላ፣ ከጋለና ካበጠ፣ በተለይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተከተለ፤ ወድቀው እግሩን መርገጥ ካቃትዎት፤ አንዱ ባትዎ ብቻ አብጦ ከጠነከረ፤ ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣና ክብደትዎም ያለምክንያት የሚቀንስ ከሆነ። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ አንጓ ላይም ይወጣል። ከከብት ጋር የሚውል፣ ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴላ ሊይዘው ይችላል፤ እሱም ትኩሳትና የአንጓ ሕመም ያመጣል። የፎገራ ከብት በወተቱ የሚወደስ ነውና ይህን ለሐኪሙ መናገር አይርሱ። የሁለት እጅ ጣቶች አንጓ ጭምር አብጦ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደርቅ ከሆነም ሌላ ዓይነት በሽታ ነው፤ ሌላ መድኃኒት አለው።

ማሽኑ የማይፈቀድላቸው

ደረቱ ላይ የተቀበረ የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ቴንስን እንዳይነካ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እግሩ ላይ የደም መርጋት የተገኘበት፣ በዚያ አካባቢ ካንሰር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጠቀም። ለአጥንት ስብራት ብረት የገባለት ሰው ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም፤ ቢሆንም መጀመሪያ ይጠይቅ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የደነዘዘ ቆዳን ነው። የስኳር በሽታ ወይም የሥጋ ደዌ ነርቭን ካደነዘዘ የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲበዛ አይሰማም፤ ቆዳ ይቃጠላል። በቤትዎ መሞከር ይችላሉ። ዓይንዎን ይጨፍኑና ሌላ ሰው በአንድ የክብሪት እንጨት ጉልበትዎን ዙሪያውን አንዴ በክቡ ጫፍ፣ አንዴ በተሰበረው ሹል ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካዎት። የትኛው እንደሆነ መለየት ካቃትዎት ማሽኑ ለእርስዎ አይደለም። ጉልበታቸው ለቁርጥማት ተብሎ የተተኮሰ፣ ዋግምት የተደረገበት ሰዎችም በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ጠባሳው ላይ ፓድ አይለጠፍም፤ ያልዳነ ቁስል ላይማ ፈጽሞ።

ሳይንሱ የት ላይ ነው

በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ሲወጣ በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር ባለ ቦታ ያልፋል፤ የመነካትና የመታሸት ስሜት የሚያደርሱ ወፍራም ነርቮች ሲነቃቁ በሩ ለሕመሙ ይጠብበታል። እግርዎን ድንጋይ ሲመታዎ ሳያስቡት የሚያሹት ለዚህ ነው። ቴንስ ያንን ማሸት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከዚህም ሌላ ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን የሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገሮች ያስለቅቃል።

ነገሩ ከመብራት ዘመንም ይቀድማል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊ ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ፣ ሪህ የያዘው ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ሕያው የኤሌክትሪክ ዓሣ ከእግሩ ሥር ያድርግ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስም አይነሣ ብሎ መክሯል። የጣና አምባዛ እንዲህ ያለ ኃይል የለውምና ለመሞከር አይድከሙ።

አሁን ወደ ቁርጡ ነገር። ስዊዘርላንድ ውስጥ የጉልበት አንጓ ሕመም ያለባቸው 220 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ እውነተኛ ቴንስ፣ ግማሾቹ የማይሠራ ማሽን ተሰጣቸው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት በሁለቱ መሐል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም፤ ሁለቱም ወገን ተሻሽሎ ነበር። የአሜሪካ የአንጓ ሐኪሞች ኮሌጅ የ2019 መመሪያ ቴንስ ለጉልበት እንዳይሰጥ አጥብቆ ይመክራል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ተቋም ናይስም በ2022 መመሪያው ማስረጃው በቂ ስላልሆነ አይሰጥ ብሏል። በሌላ በኩል በዚያው 2022 ለልዩ ልዩ ሕመሞች የተደረጉ 381 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ ሰዎች ማሽኑ እየሠራ ሳለና ወዲያው ከተነሣ በኋላ ሕመማቸው ከማስመሰያ ማሽን ይልቅ እንደሚቀል አሳይቷል።

እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ ቴንስ በወር በሦስት ወር የሚለካ ለውጥ አያመጣም፣ የሰዓት እፎይታ ግን ለአንዳንድ ሰው ይሰጣል። ጉዳቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ በነፃ ወይም በርካሽ ከተገኘ ይሞከራል። በግ ተሽጦ፣ ከዕድር ተበድሮ የሚገዛ ነገር ግን አይደለም። «ከሥሩ ነቅሎ ያድናል» የሚልዎትን ነጋዴ ደህና ዋሉ ብለው ይለፉት።

ሳይገዙ በሐኪም ቤት ይሞክሩት

ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ፊዚዮቴራፒስት ይባላል። በአገራችን በዲግሪ ሲያሠለጥን የቆየው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛው አካባቢ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው። ከሐሙሲት ቅርቡ ባሕር ዳር ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች እዚያ አሉ። ለወረታ ሰው ደብረ ታቦርም ይቀርባል። ነገር ግን በቀጥታ አይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያዎ ሪፈር ወረቀት ያስጽፉ፤ ያለሪፈር ከሄዱ መድኑ ሙሉ ወጪዎን አይሸፍንልዎትም። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ አስቀድሞ ስልክ መደወል ከትራንስፖርት ወጪ ያድናል።

እዚያ ሲደርሱ «ቴንስ ትሰጣላችሁ ወይ?» ብለው ብቻ አይመለሱ። በራስዎ ጉልበት ላይ ፓዶቹ የት እንደሚለጠፉ ባለሙያው በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግልዎት፤ አብሮዎት የሄደው ልጅ በስልክ ፎቶ ያንሣው። ያ ፎቶ ከማሽኑ ጋር ከሚመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ ይበልጣል።

ሲገዙ ወይም ሲያስልኩ

ሁለት ገመድ፣ አራት ፓድ ያለው ይሁን፤ ለጉልበት በሁለት ፓድ ብቻ አይዳረስም። የሚሞላ ባትሪ ያለው ይመረጣል፤ መብራት በመጣ ጊዜ ሞልተው ያስቀምጡታል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሠራውን አይግዙ፤ የሚሞላውንም ቻርጅ እየተደረገ ሳለ ሰውነትዎ ላይ አይጠቀሙ። ሄርዝ የሚባለውን የንዝረት ፍጥነት በቁጥር የሚያሳይ ቢሆን መልካም ነው። ሥዕል ብቻ ያለባቸው፣ «መዶሻ»፣ «መዳፍ»፣ «መርፌ» እያሉ የሚያስመርጡ ርካሽ ማሽኖች ጡንቻን ጨምድደው የሚለቁ ናቸው፤ ለሌላ ሥራ የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበት ላይ ምቾት አይሰጡም። ልጅዎ ከውጭ የሚልክ ከሆነ ትርፍ ፓድ እንዲጨምር ይንገሩት፤ ማሽኑ ዓመታት ይቆያል፣ ፓዱ ግን በሃያ ሠላሳ ጊዜ አገልግሎት ሙጫው ያልቃል።

አለጣጠፉ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

ጉልበትዎን በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፤ በደንብ ያድርቁት። ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ቪክስ የተቀባ ቆዳ ላይ ፓድ አይይዝም፤ ግማሹ ተላቆ ግማሹ ከያዘ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በአንድ ጥግ ተጠራቅሞ እንደ ሳማ ይለበልባል። ቅባቱን ለማታ ያቆዩት። ፀጉር የበዛበት እግር ከሆነ በመቀስ ይከርክሙት፤ በምላጭ አይላጩት፤ የተላጨ ቆዳ ይቆጣል።

መደብ ላይ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ። የጉልበትዎን ሎሚ በጣትዎ ያግኙት፤ ሎሚው ላይ ምንም አይለጠፍም። አራቱ ፓዶች በዙሪያው ነው የሚቀመጡት፦ ሁለቱ ከሎሚው በላይ ጭኑ ላይ፣ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ በኩል፤ ሁለቱ ከሎሚው በታች፣ እንደዚያው አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ። የመጀመሪያው ገመድ ከላይ ከውስጥ ካለው ፓድ ወደ ታች በውጭ ወዳለው ይሂድ፤ ሁለተኛው ገመድ ከላይ ከውጭ ካለው ወደ ታች በውስጥ ወዳለው። ሁለቱ ገመዶች ጉልበትዎ ላይ የመስቀል ምልክት ይሠራሉ። ፓድና ፓድ እንዳይነካኩ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት ይራራቁ። ከጉልበት ጀርባ፣ ደም ሥር ያበጠበት ላይ አይለጥፉ። አንገት፣ ደረትና ራስ ላይ ደግሞ በምንም ምክንያት አይሆንም።

ማሽኑ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ ነው። ፓድ የሚለጠፈውም የሚነሣውም ማሽኑ ጠፍቶ ነው። ሲጨርሱ በገመዱ አይጎትቱ፤ ጠርዙን ይዘው ቀስ ብለው ያንሡ፣ መልሰው ፕላስቲኩ ላይ ይለጥፉ፣ ከረጢት ውስጥ አድርገው ይቋጥሩት። የበጋ አቧራ ለፓድ ጠላት ነው። ሙጫው ከደረቀ አንዲት ጠብታ ንጹሕ ውሃ በጣት ቀባ አድርገው ጥቂት ቢያቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ይመለሳል።

ኃይሉን ማስተካከል

ፍጥነቱን ከ80 እስከ 100 ሄርዝ፣ የምቱን ስፋት 200 ማይክሮሰከንድ አካባቢ፣ ዓይነቱን ሳይቆራረጥ የሚቀጥለውን ይምረጡ። ከዚያ ኃይሉን ከዜሮ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል። ቀጥሎ ጠንከር ያለ፣ ግን የማያሳምም ንዝረት ይመጣል፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። ካሳመመዎት ወይም ጡንቻው ከተኮማተረ አልፈዋል፤ ይመለሱ። ፈርተው ጉንዳኑ ላይ የሚያቆሙ ሰዎች «ምንም አላደረገልኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ደካማ ንዝረት አያስታግስም።

አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ስሜቱ ይደበዝዛል። ማሽኑ ደክሞ ሳይሆን ነርቭዎ ስለለመደው ነው፤ ትንሽ ይጨምሩ። በአጠቃላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። እንቅልፍ ላይ ሆነው አይሁን፤ ሞተር ወይም ባጃጅ እየነዱ አይሁን፤ ውሃ አጠገብም አይሁን። ሲጨርሱ ቆዳው ቀላ ቢል በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ካሳከከና ሽፍ ካለ ፓዱ አልተስማማዎትም፤ ካቃጠለና ውሃ ከቋጠረ ያቁሙ።

በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅንብር ከተጠቀሙ ሰውነት ይለምደዋል፤ እፎይታውም ያጥራል። አንድ ቀን ከፍ ባለው ፍጥነት፣ ሌላ ቀን ዝቅ ባለው፣ ማለትም ከ2 እስከ 4 ሄርዝ፣ ማፈራረቅ ይቻላል። ዝቅ ያለው እንደ ልብ ትርታ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንዳንዱ ሰው አይወደውም።

አሁን ለእኛ አገር ሰው የማይጥም ወሬ፦ ቡና። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ካፌይን የቴንስን የማስታገስ ኃይል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ቴንስ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱን ካፌይን ስለሚዘጋው ነው። ቡና ይተው አልልዎትም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ማሽኑን ጠዋት ቡናው ሳይፈላ፣ ወይም ከሦስተኛው ስኒ ብዙ ሰዓት ቆይተው ይጠቀሙበት።

ፋታውን ለምን ያውሉታል

ሕመሙ ቀለል ባለበት ሰዓት፣ ፓዱ እንደተለጠፈ ወይም እንደተነሣ ወዲያው፣ የጭን ፊት ጡንቻዎን ያሠሩ። ጉልበት የሚያምመው ሰው ጉልበቱን ይቆጥባል፤ የተቆጠበ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ሸክሙ ሁሉ አንጓው ላይ ይወድቃል። ከላይ የጠቀስኳቸው፣ ቴንስን የማይመክሩት መመሪያዎች ራሳቸው የአካል እንቅስቃሴን ግን ከሁሉ አስቀድመው ይመክራሉ።

አልጋ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ። ጋቢ ጠቅልለው ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ። በጉልበትዎ ጀርባ ጋቢውን ወደ ታች ተጭነው እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ። ቀጥሎ በጀርባዎ ተኝተው አንዱን ጉልበት አጥፈው፣ ሌላውን እግር ቀጥ እንዳለ አንድ ክንድ ያህል ያንሡ፤ አምስት ቆጥረው ቀስ ብለው ያውርዱ። ይህም አሥር ጊዜ፣ ከዚያ በሌላው እግር።

ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ከመደብ መነሣትና መቀመጥ። የጭቃ መደብ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የጂም ዕቃ አይተናነስም፤ አይንሸራተትም፣ አይገለበጥም። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ ያለ እጅ ድጋፍ ይነሡ፤ ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። ከበደዎት ብርድ ልብስ አጥፈው ከበታችዎ ያድርጉና መቀመጫውን ከፍ ያድርጉት፤ ጡንቻዎ እየጠነከረ ሲሄድ ብርድ ልብሱን ይቀንሱ። በአምስት ይጀምሩ፣ አሥር ያድርሱት፣ ከዚያ አርፈው ይድገሙት። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በሌሎቹ ቀናት ጠዋት በደልዳላ መንገድ ይራመዱ፤ በእርሻ ድንበር ላይ ሳይሆን።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያምም አይደንግጡ። ከአሥር ነጥብ እስከ አምስት ድረስ የሚሰጡት ሕመም፣ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት እስከተመለሰ ድረስ፣ ጉዳት አያመጣም። በማግስቱ ብሶ ካደረ ግማሹን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት።

በወረቀት ይያዙት

የጉልበት ሕመም በራሱ ይወጣል ይወርዳል። ማሽኑን በሚከፋበት ሰሞን ጀምረው በሚቀልበት ሰሞን ካመሰገኑት ተታለዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የሚያስቸግርዎትን ሥራ ይምረጡ፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሊሆን ይችላል፣ ከመደብ አምስት ጊዜ መነሣትም ሊሆን ይችላል። ከማሽኑ በፊት ያንን ሠርተው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይስጡት፤ ማሽኑን ተጠቅመው እንደገና ይስጡት። ልጅዎ ደብተር ላይ ይጻፈው። ሦስት ሳምንት ያህል ይቀጥሉ። በአብዛኛው ቀን ሁለት ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደልዎት ይጠቅምዎታል። ካልወረደ አልሠራም፤ ማዘን የለም፣ ማሽኑን ትተው እንቅስቃሴውን ይቀጥሉ።

ከማሽኑ ጎን ለጎን

ዱካውን ከፍ ባለ ነገር ይለውጡ፤ ምድጃውንም ከፍ ማድረግ ከተቻለ የተሻለ ነው። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ለታመመ ጉልበት ትልቁ ፈተና ነው፤ ማንኛውም አናጢ መቀመጫው መሐሉ የተቆረጠ ወንበር ሠርቶ ከጉድጓዱ በላይ ሊያቆምልዎት ይችላል። ከዘራ ሲይዙ በሚያምመው ወገን ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ይሁን፤ እጅዎን ወደ ታች ሲለቁት የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓዎ ጋር ይድረስ። በዐቢይ ጾም ስግደት የሚከብድዎት ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሕመምዎን ሰምተው መላ ይሰጡዎታል።

ሱቅ ተቀምጠው ለሚውሉና ሰውነታቸው ለከበደ፦ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ቀጭኑን ገበሬ ይህ ምክር አይመለከተውም።

ደራ ውስጥ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው ዋንዛዬ ፍል ውሃ መሄድ የሚወዱ ከሆነ ይሂዱ። ሙቀት ጡንቻን ያፍታታል፤ እፎይታው ግን እንደ ቴንስ ሁሉ አጭር ነው፤ ሲመለሱ ከመደብ መነሣቱ ይጠብቅዎታል። ትኩሳት ወይም ቁስል እያለ አይግቡ፤ ማሽኑንም ወደ ውሃው አይውሰዱት።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ለጉልበት መጀመሪያ የሚሞከረው የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ነው። ከፓዱ ሰዓት አርቀው ይቀቡት። «መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» ብሎ የማስታገሻ መርፌ የማዘውተር ልማድ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው። ስሙን ሳይነግሩ በወረቀት ጠቅልለው የሚሰጡ የተደባለቁ ክኒኖችን አይውሰዱ። ውስጡ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ካለበት በሁለት ቀን ተአምር ያሳያል፣ በዓመት ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ

ሌሊት ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ከሆነ፣ እግርዎ እየተጣመመ ከሄደ፣ ከደጃፍ መውጣት ካቃትዎት፣ የአጥንት ስፔሻሊስት ሐኪም እንዲያይዎት ሪፈር ይጠይቁ። አንጓው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያቀላል፤ በየጊዜው የሚደጋገም ግን አይደለም። በውጭ አገር የጉልበትን የሕመም ነርቮች በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት የማደንዘዝ ሕክምና አለ፤ ነርቭን ከማነቃቃት በተቃራኒ መልእክቱን መቁረጥ ነው፤ የአሜሪካው መመሪያም በቅድመ ሁኔታ ይፈቅደዋል። ጉልበትን በሰው ሠራሽ አንጓ የመተካት ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፤ ውድ ነው፣ ወረፋም አለው፣ ለባሰበት ሰው ግን መፍትሔ ነው።

ለዚያ ቀጠሮ ሲሄዱ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ደብተር፣ የወሰዷቸውን ክኒኖች ባዶ ማሸጊያ፣ ካለዎትም ማሽኑን ይዘው ይሂዱ። ሰፋ ያለ፣ ከጉልበት በላይ በቀላሉ የሚሰበሰብ ሱሪ ወይም ቀሚስ ይልበሱ፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ጉልበት ጎን ለጎን ማየት አለበት።